አስከሬን ከመቃጠሉ በፊት የልብ ባትሪ የግድ መውጣት አለበት?

ጥያቄ፦ «አባታችን ከትናንት በስቲያ ዐርፈዋል። አስከሬናቸው እንዲቃጠል በጽሑፍ ተናዘዋል። ከስምንት ዓመት በፊት ደረታቸው ውስጥ የልብ ባትሪ ተቀብሮላቸው ነበር። ማቃጠያ ቤቱ ባትሪው ካልወጣ አስከሬኑን እንደማይቀበል ነግሮናል። እናታችን ደግሞ ‹ከዚህ በኋላ ምላጭ አይነካውም› ብላለች። እውነት ይፈነዳል? የሚያወጣውስ ማን ነው? ከወጣ በኋላ የት ይገባል?»

ምላሽ፦

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጊዜያችሁ አጭር ስለሆነ ዋናውን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ይፈነዳል። መውጣትም አለበት። አወጣጡ ግን እናታችሁ እንደሚፈሩት አይደለም፤ በሠለጠነ እጅ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ ትንሽ ስፌት ብቻ የሚተው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ሰው ምላጭ ከማንሣቱ በፊት አባታችሁ ደረት ውስጥ ያለው የትኛው መሣሪያ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ማቃጠያ ቤቶች የሚጨነቁት ስለ ፍንዳታው ነው፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የምሠራው በልብ መሣሪያ ክትትል ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የማስበው መሣሪያውን ስለሚያወጣው ሰው እጅ ነው።

ቤተሰብ «የልብ ባትሪ» የሚለው ሥራቸው የተለያየ ሁለት መሣሪያዎችን ነው። አንዱ ፔስሜከር ነው። ልብ ስትዘገይ በጥቂት ቮልት እየቀሰቀሰ ምቷን ያስጠብቃል። ሌላው ዲፊብሪሌተር ነው፤ ሐኪሞች አይሲዲ ይሉታል። እሱ ደግሞ ልብ በድንገት ተዛብታ መርገብገብ ስትጀምር ወደ 40 ጁል የሚጠጋ ኃይል በአንዴ ይለቅባታል። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ከ700 በላይ ይደርሳል። የደከመ ልብን ግራና ቀኝ ለማስተባበር የሚገጠመው ባለ ሦስት ሽቦው ሲአርቲም ሁለት ዓይነት አለው፤ ዲፊብሪሌተር የተጨመረበትና ያልተጨመረበት። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ከቆዳ ሥር ያበጠ ነገር ናቸው።

ልዩነቱ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ ላስረዳ። ሰው ሲሞት ልብ ጸጥ ስለምትል አይሲዲውም ዝም ይላል፤ ምንም ምልክት በሌለበት ልብ ላይ ኃይል አይለቅም። ዝም አለ ማለት ግን ጠፍቷል ማለት አይደለም። ባትሪው እስካላለቀ ድረስ ልብ ውስጥ ባለው የሽቦው ጫፍ በኩል ማዳመጡን ይቀጥላል። አንድ ሰው ይህን ሳያውቅ ሽቦውን በመቀስ ሲቆርጥ የመቀሱ ብረት የሽቦውን የውስጥ ክሮች ያነካካል፤ በዚህ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ መሣሪያው «ልብ መርገብገብ ጀመረች» ብሎ ይረዳዋል። ጥቂት ሴኮንድ ወስዶ ይሞላና ይለቃል። የሚለቀው መቀሱን በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። አንዴ ለቆም አያበቃም፤ ጫጫታው ካልቆመ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። እርጥብ በሆነ ቀጭን ጓንት ላይ መተማመን ደግሞ ሞኝነት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መለየት፣ አይሲዲ ከሆነ ማጥፋት፣ ከዚያ ማውጣት ነው። ፔስሜከር ብቻ ከሆነ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የሚያወጣውን ጥቂት ቮልት የሚነካው ሰው ምንም አይሆንም።

እንዴት ትለያላችሁ? መጀመሪያ የአባታችሁን የኪስ ቦርሳ ፈትሹ። መሣሪያው ሲገጠም ለታማሚው የሚሰጥ ትንሽ መታወቂያ ካርድ አለ፤ የአምራቹ ስም፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥር፣ የተገጠመበት ቀን ተጽፎበታል። ካርዱ ከጠፋ ክትትል ያደርጉበት የነበረውን ክሊኒክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ስምና የትውልድ ዘመን ከነገራችኋቸው መዝገቡን ያወጡታል። ሁለቱም ካልተገኙ አስከሬን ክፍሉ ውስጥ የሚነሣ አንድ የደረት ራጅ ጉዳዩን ይጨርሳል። የፔስሜከር ሽቦ በራጅ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ነው። የአይሲዲ ሽቦ ግን ልብ ውስጥ በገባው በኩል ወፍራም ነጭ ዘንግ የመሰለ ክፍል አለው፤ ኃይሉ የሚለቀቀው በዚያ ጥቅልል በኩል ነው። አንዴ ያየው ሰው አይስተውም። በእጅ ዳብሶ በመጠኑ ብቻ መወሰንን ግን አልመክርም፤ የዛሬ አይሲዲዎች ቀጥነዋል፣ የድሮ ፔስሜከሮች ደግሞ ወፋፍራም ነበሩ። ሌላም አይሲዲ አለ፤ ሽቦው ልብ ውስጥ ሳይገባ ከቆዳ ሥር ብቻ የሚዘረጋ። የእሱ ሣጥን የሚቀመጠው ከግራ ብብት ዝቅ ብሎ ጎን ላይ ስለሆነ ደረት ላይ ብቻ የፈለገ ሰው ያልፈዋል።

አይሲዲ መሆኑ ከታወቀ የክሊኒኩ ባለሙያ ፕሮግራመር የሚባለውን ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ያጠፋዋል። ቆዳ መቅደድ የለውም፤ መገናኛውን ደረት ላይ ያስቀምጣል፣ ኃይል የመልቀቅ ሥራውን ይዘጋል፣ ማስረጃውን አትሞ ይሰጣል። ያንን ወረቀት አስከሬኑ ላይ ለሚሠራው ሰው አድርሱት። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ አስከሬኑን ማንቀሳቀስ ወይም ማጠብ ግድ ከሆነ ደግሞ ልብ ክፍሎች የሚጠቀሙበትን ቀለበት መሰል ማግኔት በመሣሪያው ላይ አስቀምጦ በፕላስተር ማሰር አብዛኞቹን አይሲዲዎች ዝም ያሰኛል። ማግኔቱ ሲነሣ ግን ተመልሰው ይነቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ማግኔትን እንዳይሰሙ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ማግኔት ጊዜ መግዣ እንጂ ማጥፊያ አይደለም። ፔስሜከር ላይ ማግኔት ማድረግ ደግሞ ከነጭራሹ አያጠፋውም፤ የልብን ምት ሳያዳምጥ በቋሚ ፍጥነት እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ከጥያቄያችሁ ትንሽ ልውጣ። አይሲዲ ያለው ሰው በሕመም እየደከመ ሄዶ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ሰውየው ከመሞቱ በፊት መሣሪያው መዘጋት ይችላል። ማጥፋቱ ሰውየውን አይገድለውም፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ደጋግሞ እንዳይነዝረው ብቻ ያደርጋል። ይህን ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር በጊዜ መነጋገር የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ የሚነሣው ግን ከሚገባው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው። በቤታችሁ ሌላ አይሲዲ ያለው ሰው ካለ ሐኪሙን እናንተ ጠይቁት።

አሁን ወደ ፍንዳታው። የፔስሜከር ባትሪ ብዙውን ጊዜ ሊቲየምና አዮዲን ነው፤ ከ1972 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሰው ላይ ሲገጠም ቆይቷል። ዓመታት የሚቆየው ኃይሉን በጣም በዝግታ ስለሚለቅ ነው፤ ከነሣጥኑ የሰውነት ፈሳሽ እንዳይገባበት በቲታኒየም ውስጥ ተበይዶ ይዘጋል። ሰውነት ውስጥ የሚጠብቀው ያ ብየዳ ነው እሳት ውስጥ ጠላት የሚሆነው። ሊቲየም በ180 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ አዮዲን በ184 ዲግሪ ይተናል። ማቃጠያው ምድጃ ደግሞ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ይደርሳል። ቲታኒየም ግን የሚቀልጠው ከ1600 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ሣጥኑ ቀልጦ ጋዙን በቀስታ አያስወጣም። ግፊቱ በውስጥ እየተጠራቀመ ይቆይና በአንዴ ይበረግዳል። ክዳኑ ተገጥሞ እሳት ላይ የተረሳ ጠርሙስ የሚሆነውን አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ የሚበተነው ብረት መሆኑ ነው።

በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፍንዳታ የደረሰው በ1976 እ.ኤ.አ በእንግሊዝ፣ ሶሊሃል በሚባል ቦታ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ የታተመ አንድ ጥናት የብሪታንያን ማቃጠያ ቤቶች ጠይቆ ግማሽ የሚሆኑት የፔስሜከር ፍንዳታ እንደገጠማቸው አገኘ። ጥናቱ ያነሣው ሌላ ነገር ነው እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ፤ አብዛኞቹ የማቃጠያ ቤት ሠራተኞች አይሲዲም እንደሚፈነዳ አያውቁም ነበር። ፍንዳታው የምድጃውን የውስጥ ጡብ ይሰነጥቃል፤ በበሩ ላይ ባለችው መመልከቻ ቀዳዳ የሚያይ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ዓይኑና ፊቱ አደጋ ላይ ናቸው። ማቃጠያ ቤቱ «አንቀበልም» ያላችሁ ሊያስቸግራችሁ ፈልጎ አይደለም። እነሱ የሬሳ ሣጥኑን ከፍተው አያዩም፤ የሚያምኑት ቅጹ ላይ የተጻፈውን ነው። ቅጹን የሞላው ሐኪም ወይም የፈረመው ቤተሰብ ካልተናገረ የሚያውቁት ሲፈነዳ ነው።

ለእናታችሁ የሚነገረውን ደግሞ ረጋ ብዬ ልግለጸው፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ደረት ተከፍቶ ልብ ተነክቶ ነው። እንዲያ አይደለም። መሣሪያው ያለው ልብ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ ሥር፣ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ነው። በጣት ሲጫኑት ክብ ጠርዙ ይሰማል፤ ገፋ ሲያደርጉት ከቆዳው ሥር ትንሽ ይንሸራተታል። ሠራተኛው የድሮውን ጠባሳ ተከትሎ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀድዳል። ከሥሩ ሰውነት ራሱ ዙሪያውን የሠራው ጠንካራ ነጭ ሽፋን አለ፤ እንደ ከረጢት ይዞታል። ያ ሲከፈት መሣሪያው በጣት ተገፍቶ ይወጣል። ፔስሜከሩ ከ20 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ አይሲዲ ከዚያ ይከብዳል።

የተያያዙት ሽቦዎች ከመሣሪያው አጠገብ አንድ በአንድ እየተቆረጡ እዚያው ይቀራሉ። ሽቦዎቹ ባትሪ የላቸውም፣ አይፈነዱም። ዓመታት ከቆዩ ደግሞ ከደም ሥሩና ከልብ ግድግዳ ጋር ተጣብቀዋልና ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ጥቅም የሌለው መቀደድ ነው። ቀጥሎ ቁስሉ ይጠረጋል፣ በጥሩ ክር ይሰፋል፣ ትንሽ ፋሻ ይደረግበታል። ልብስ ሲለብሱ አይታይም። ከስምንት ዓመት በፊት መሣሪያው ሲገባ የተቀደደው ቦታ ነው እንደገና የሚከፈተው፤ አዲስ ቦታ አይነካም። ይህን ሰምተውም እናታችሁ እሺ ካላሉ ለማስገደድ አልቸኩልም፤ አስከሬኑ ካልተቃጠለና ከተቀበረ ፍንዳታ የሚባል ጉዳይ የለም። ያኔም ቢሆን አይሲዲ ከሆነ በፕሮግራመር ይጥፋ። ኑዛዜውንና የእናታችሁን ስሜት ማስታረቅ ግን የቤተሰቡ ነው፤ እኔ የምችለው እውነቱን ማስቀመጥ ነው።

የሚያወጣው አስከሬን ክፍል ውስጥ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ወይም በሥራው የሠለጠነ የቀብር አስፈፃሚ ነው። የልብ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም። ቤተሰብ ራሱ ግን አይሞክረው። ከእናንተ የሚጠበቀው በጽሑፍ መፍቀድ ነው፤ ፈቃዱ ላይ ከወጣ በኋላ መሣሪያው ምን ይሁን የሚለውንም አብራችሁ ጻፉ፤ በኋላ ጭቅጭቅ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም የሚባልበት ሁኔታ አለ፤ ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ጉዳዩ በፖሊስ ወይም በፍርድ አካል ከተያዘ፣ ወይም መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ካለ ማንም እንዳይነካው። መሣሪያው የመጨረሻዎቹን የልብ ምቶች መዝግቦ ይይዛልና መጀመሪያ በፕሮግራመር ይነበብ። ለአምራቹ ምርመራ የሚላክ ከሆነም ሽቦው ሳይቆረጥ ከመሣሪያው ራስ ላይ ብሎኑ ተፈትቶ ቢለያይ ይሻላል።

ሌላ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ሰው ልብን የሚመዘግብ ቀጭን ዘንግ የመሰለ መሣሪያ ከጡት አጥንት በግራ በኩል ከቆዳ ሥር ይገባል። ጠባሳው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዓይን አይገባም። እሱም ሊቲየም ባትሪ ስላለው ይውጣ። ሽቦ የሌለው ፔስሜከር የባሰ ነው፤ በእግር ደም ሥር ተሳቦ ልብ ውስጥ ስለሚገባ ደረት ላይ ጠባሳም እብጠትም የለውም። ማይክራ የሚባለው ለምሳሌ ሁለት ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያሳውቃችሁ ካርዱ፣ የሕክምና መዝገቡ ወይም የደረት ራጅ ነው። ካለ ስሙንና ሞዴሉን ለማቃጠያ ቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቆዳ ቀድዶ የሚደረስበት አይደለምና ይውጣ አይውጣ የሚለው የእነሱንና የአምራቹን መመሪያ ይዞ ይወሰናል። ለደከመ ልብ የተገጠመ ፓምፕ ካለ ከሰውነት ውጭ ያሉት ባትሪዎችና መቆጣጠሪያው ተለይተው ይነሣሉ። ከልብ ውጭም ለሕመም ወይም ለመንቀጥቀጥ የተገጠመ የነርቭ ማነቃቂያ፣ መድኃኒት የሚረጭ ፓምፕ ካለ ተናገሩ።

ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ)፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ፣ ደረት የተሰፋበት ሽቦ፣ የዳሌ ብረት አይፈነዱም፤ እዚያው ይቆዩ። ከቃጠሎው በኋላ ከአመዱ ውስጥ ብረቱ ተለይቶ ይወጣል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ የተገጠሙ ጥቂት ፔስሜከሮች በፕሉቶኒየም-238 የሚሠሩ ነበሩ። የአባታችሁ የስምንት ዓመት ስለሆነ አይመለከታችሁም፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ መሣሪያ የያዘ አዛውንት ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ግን ይህ ዓይነት በፍጹም እንደማይቃጠልና በጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኩል እንደሚመለስ እወቁ።

ከወጣ በኋላ በፀረ ተሕዋስያን ታጥቦ፣ በታሸገ ነገር ተደርጎ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት ወደ ክሊኒኩ ወይም ወደ አምራቹ ይመለሳል። በተራ ቆሻሻ ወይም በሆስፒታል ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል፤ የሆስፒታል ቆሻሻም ብዙ ጊዜ ስለሚቃጠል ፍንዳታውን ከአንድ ምድጃ ወደ ሌላ ምድጃ ማዛወር ነው የሚሆነው። ያልጠፋ አይሲዲ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሆኖም ሕያው ነው።

ለመታሰቢያ መውሰድ እንችላለን ወይ የሚሉ አሉ። የአገሩ ሕግ ከፈቀደና መሣሪያው ከጠፋና ከጸዳ እኔ ክፋቱ አይታየኝም፤ ሙቀት እንዳያገኘው ብቻ። ከዚያ ይልቅ የምደግፈው ግን መለገስን ነው። በበለጸጉት አገሮች መሣሪያው ለአንድ ሰው ብቻ እንዲያገለግል ስለሚታዘዝ ሌላ ሰው ላይ አይገጠምም። ነገር ግን ፔስሜከር መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ያገለገሉትን አጽድቶና ፈትሾ ለመስጠት የሚሠሩ አሉ፤ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው «ማይ ሃርት ዩር ሃርት» አንዱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ በታተመ ጥናት፣ ያገለገለ መሣሪያ ጸድቶ የተገጠመላቸው 1051 ሰዎች አዲስ ከተገጠመላቸው 3153 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው ነበር። መሣሪያው በቦታው ኢንፌክሽን ያመጣባቸው በመጀመሪያዎቹ 2.0 በመቶ፣ በኋለኞቹ 1.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የጎላ አልነበረም። የስምንት ዓመት መሣሪያ ባትሪው ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል ላይገጠም ይችላል፤ ያንን የሚወስነው የሚቀበለው ወገን ነው። ከናንተ የሚፈለገው በፈቃዱ ወረቀት ላይ «ለመለገስ ተስማምተናል» የምትል መስመር ናት።

እናታችሁ «መሣሪያው እስካለ ድረስ ልቡ ትመታ ይሆን?» ብለው የሚያስቡ ከሆነ፣ አይደለም። ፔስሜከሩ ምት መላኩን ይቀጥላል፤ የልብ ጡንቻው ግን ሕይወት ስለሌለው አይመልስም። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ቢነሣ የመሣሪያው ቀጭን ቀጥ ያሉ ጭረቶች ብቻ ይታያሉ።

በመጨረሻ፣ አባታችሁ አልጋቸው አጠገብ የመሣሪያውን መረጃ ወደ ክሊኒኩ የሚልክ ትንሽ ሣጥን ከነበራቸው ከሶኬት ንቀሉትና ለክሊኒኩ መልሱት፤ ማረፋቸውንም ንገሯቸውና መዝገቡን እንዲዘጉት ጠይቁ። ካልተነገራቸው «መረጃ አልደረሰንም» ብለው ከሳምንታት በኋላ በእሳቸው ስልክ ይደውላሉ፤ ያንን ስልክ የሚያነሡት ደግሞ ምናልባት እናታችሁ ናቸው።